የሚያስቅ ስህተትና የሚያስከፍል ስህተት

ባለፈው ሳምንት እናቴ ቤት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ለእንግሊዝኛ ባግሩት ታጠናለች። እናቴ ደግሞ የደረቀ ልብስ እያጣጠፈች፣ «ጂንሲሞችሽን አጥቤልሻለሁ፤ ክፍልሽ አስገቢያቸው» አለቻት። ልጅቷ እርሳሷን ጥላ ሳቀች። «ሳቭታ፣ ሦስት ጊዜ አበዛሻቸው እኮ!» እውነቷን ነው። እንግሊዝኛው መጨረሻው ላይ «ስ» ብሎ አንድ ጊዜ አብዝቶታል፤ ዕብራይስጡ ያ አልበቃ ብሎት «ኢም» ጨመረበት፤ እናቴ ደግሞ የእኛን «ኦች» ደረበችበት። እናቴ ግን አልተሸነፈችም። «ታዲያ ብዙ አይደሉም? ቁምሳጥኑ እንኳ አልዘጋ ብሏል» አለች።

ይህ ገጽ የሥራና የገበያ ጉዳይ የሚነሣበት እንጂ የሰዋስው ክፍል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ልጆቻችን የሚያርሙን፣ ጎረቤት የሚስቅብን፣ እኛም የምናፍርበት ስህተት አንድ ሳንቲም የማያስከፍለን ስህተት ነው። ኪሳችንን የሚያራቁተው ስህተት ደግሞ ማንም አይስቅበትም፤ ስህተት መሆኑንም የሚያውቅ የለም።

የሚያስቀውን ላስቀድም። እዚህ አገር የተወለደው መካኒክ «ብሬክሲም» ይላል፤ እሱም እንደ እናቴ ጂንስ ሁለት ጊዜ የበዛ ነው። የመኪናውን የኋላ አክስል በእንግሊዝኛው ስም «ባክአክስ» ይለውና፣ የፊቱን ሲፈልግ «ባክአክስ ኪድሚ» ይላል፤ የፊተኛው የኋላ አክስል ማለት ነው። የስፖርት ቱታውን «ትሬኒንግ» ይሉታል፤ እንግሊዞች ይህን ቃል የሚያውቁት ሥልጠና ማለት እንደሆነ ነው። ገበያ ሂዱና ስሙ፤ ነጋዴው «ዔሴር ሼኬል! ዔሴር ሼኬል!» እያለ ይጮኻል። ሼኬል በዕብራይስጥ ወንድ ስለሆነ በደንቡ «ዓሳራ ሽቃሊም» ማለት ነበረበት። ማንም ግን «ዕብራይስጥ አትችልም» ብሎ ቲማቲሙን ጥሎበት አይሄድም።

እንግሊዞችስ ቢሆኑ? ቴስኮ የተባለው ትልቁ መደብራቸው ጥቂት ዕቃ ለያዘ ሰው በለየው ኩፓ ላይ «10 ዕቃ ወይም ከዚያ ያነሰ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ቋንቋ አዋቂ ነን ባዮቹ ተቆጡ። ለሚቆጠር ነገር «ፊወር»፣ ለማይቆጠር ነገር «ሌስ» ነው የሚባለው፤ ዕቃ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ስህተት ነው አሉ። ክርክሩ ሲጎተት ቆይቶ መደብሩ በ2008 «እስከ 10 ዕቃ» በሚል ሊተካው ወሰነና ተገላገለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በዚያች ቃል የተነሣ አንድ ሳንቲም አስበልጦ የከፈለ ሰው የለም። እኛም «ቃላቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች» እያልን የበዛውን እናበዛለን። የአማርኛ አስተማሪ ሲሰማ ያንገሸግሸዋል፤ ጉዳቱ ግን ከዚያ አያልፍም።

አንዲት አክስቴ ሥራ ሲያቆሙ ወደ ቢሮ ገብተው ፒጹዪማቸውን መጠየቅ ነበረባቸው። «ፒጹሒሜን ስጡኝ» አሉ። ፒጹዪም የሥራ ማቋረጫ ካሳ ነው፤ ፒጹሒም ደግሞ በሰንበት ማታ እየፈለቀቅን የምንበላው የሱፍ ፍሬና ለውዝ። ጸሐፊዋ ሳቀች፣ አክስቴም ሳቁ፣ ገንዘቡም ወጣላቸው። እዩት እንግዲህ፤ ስህተቱ ትልቅ ስለነበር ማንም በስህተቱ አልተሳሳተም። የሚያስቅ ስህተት ራሱን ያጋልጣል።

አሁን ደግሞ የማያስቀውን ልንገራችሁ። የሠራሁት እኔው ነኝ።

የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ በአንድ የጽዳት ኩባንያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታ አንድ ቀን ከወትሮው ቀድማ ቤት ገባች። አለቃዋ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ፤ ሥራ የለም» ብላታለች። ይህን ግን ያወቅነው ቆይተን ነው። ለእኛ ለልጆቿ የነገረችን «ሥራውን ተውኩት» ብላ ነበር። እንዴት ብላ «ተባረርኩ» ትበል? በእኛ ቋንቋ የሚባረር ውሻ ነው፣ ሌባ ነው። ስድስት ዓመት አንድ ቀን ያላረፈደች ሴት ይህን ቃል በልጆቿ ፊት ከአፏ አታወጣውም። ወደ ሥራ ፈላጊዎች ቢሮ፣ ወደ ሊሽካት ታዓሱካ፣ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ምን እንደሆነ ጠየቀች። እናቴ «ሥራውን ትቼ ነው በያት» አለችኝ። እኔም በጥሩ ዕብራይስጥ፣ አንዲት ፊደል ሳልስት፣ «ሂ ሂትፓትራ» አልኩ። ጸሐፊዋ ዕብራይስጤን አደነቀች፤ የሰማችውንም ጻፈች።

«ሂትፓትራ» ማለት በገዛ ፈቃዷ ሥራ ለቀቀች ማለት ነው። ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ ሥራ የለቀቀ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የሥራ አጥ ክፍያ አያገኝም። ሦስት ወር። በዚያ ሦስት ወር ቤታችን ምን እንደበላን እዚህ አልዘረዝርም። ፒጹዪሙን ለማስከፈል ደግሞ ከዚያ በላይ ፈጀ፤ «ራሷ ለቅቃለች» የሚል ወረቀት አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና።

ስህተቱ ከየት መጣ? ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ዕብራይስጡ ከአንድ ሥር ሦስት ቃል ያወጣል። «ፒቴር» አሰናበተ፣ አሠሪው ነው ያደረገው። «ፉታር» ተሰናበተ፣ በሠራተኛው ላይ የተደረገ ነው። «ሂትፓቴር» ራሱ ለቀቀ። ለሴት ሲሆን ወረቀቱ ላይ «ሜፉቴሬት» ካለ ተሰናብታለች፤ «ሚትፓቴሬት» ካለ በፈቃዷ እየለቀቀች ነው። በጆሮ ሲሰሙት አንድ ነው የሚመስለው። የእኛ አማርኛ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እኛ «ተ» ብለን ስንጀምር ሁለቱንም ማለታችን ነው። «ታጠበ» ስንል ሰውየው ራሱ ታጥቦ ይሆናል፤ ልብሱም በሌላ ሰው እጅ ታጥቦ ይሆናል። ስለዚህ አማርኛ የለመደ ጆሮ የዕብራይስጡን «ሂት» ሲሰማ የእኛ «ተ» ይመስለዋል፤ «ሂትፓቴርን»ም «ተሰናበተ» ብሎ ይወስደዋል። ይባስ ብሎ «ተሰናበተ» የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት መልክ አለው። አሠሪው ያባረረውም ተሰናበተ፣ ጎረቤቱን «ደህና ሁኑ» ብሎ የሄደውም ተሰናበተ።

እኛም ጋዜጣ ላይ የምንጽፍ ሰዎች ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ፋብሪካ ተዘግቶ «ሠራተኞቹ ሥራ ለቀቁ» ብለን የጻፍንበት ጊዜ አለ። ሠራተኞቹ አልለቀቁም፤ ሥራው ነው የለቀቃቸው።

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት በገንዘብ ሲቆጠር ይህን ይመስላል። የፒጹዪም ሕግ ከ1963 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። አንድ ዓመት ሠርቶ የተሰናበተ የወር ደመወዝተኛ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይገባዋል። ስድስት ዓመት ከሆነ ስድስት ደመወዝ ነው። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በመርሕ ደረጃ ይህ አይገባውም። እርግጥ ዛሬ አሠሪው በየወሩ ፔንስያ ውስጥ ለፒጹዪም ቢያንስ ከደመወዙ 6 በመቶ ያስገባል፤ የሕጉ አንቀጽ 14 የሚመለከተው ሠራተኛ ራሱ ቢለቅም ያ የተጠራቀመው ገንዘብ የእሱ ነው። ሙሉው ፒጹዪም ግን 8.33 በመቶ ነው። የቀረው 2.33 በመቶ ለተሰናበተው ይሟላለታል፤ ለለቀቀው አይሟላለትም። ለብዙ ዓመታት ለሠራ ሰው ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ሕጉ ራሳቸው ቢለቁም እንደተሰናበቱ የሚቆጥራቸው ሰዎችም አሉ። በራሱ ወይም በቤተሰቡ ሕመም ምክንያት የለቀቀ፣ ልጅ ተወልዶ በዘጠኝ ወር ውስጥ ልጁን ለማሳደግ የለቀቀች እናት፣ ጡረታ ዕድሜ ደርሶ የሚወጣ፣ የሥራው ሁኔታ በጣም የከፋበት ሰው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የመጨረሻው አስቀድሞ ለአሠሪው በጽሑፍ አመልክቶ እንዲያስተካክል ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ዝም ብሎ ተበሳጭቶ ቁልፉን ወርውሮ የወጣ ሰው በኋላ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ደግሞ ማንም አሠሪ ከመሬት ተነሥቶ «ነገ አትምጪ» ማለት አይችልም። አስቀድሞ ሠራተኛውን ለ«ሺሙዓ» መጥራት አለበት። ቃሉ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ የእኛ «ሰማ» ነው፤ መሰማት ማለት ነው። አንዳንድ አባቶች የሺሙዓ ደብዳቤ ሲደርሳቸው «በቃ አባረሩኝ» ብለው ቤታቸው ይቀራሉ። አልተባረሩም። ቃላቸውን እንዲሰጡ ነው የተጠሩት፤ ሰው ይዘው ይሂዱ፣ ይናገሩ። ከዚያ በኋላ መሰናበት ከመጣም የስንብቱ ማስታወቂያ በጽሑፍ መሆን አለበት። አንድ ዓመት የሞላው የወር ደመወዝተኛ ደግሞ የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ ወይም የዚያን ገንዘብ ያገኛል።

ታዲያ ምን እንበል? የእኔ ምክር ከሕግ አዋቂ ምክር የተለየ ነው፤ ከዚያ ከ15 ዓመቱ ልጅ የመጣ ነው። ቃሉን አትፈልጉት፤ ታሪኩን ተናገሩ። «ለቀቅሁ» ወይም «ተሰናበትኩ» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ ጠርታኝ ከነገ ጀምሮ አትምጪ አለችኝ» በሉ። ማን ተናገረ፣ መቼ፣ ምን አለ። ይህን ልጅም ይተርጉመው፣ ጎረቤትም ይተርጉመው፣ ሊያበላሸው አይችልም። «ተባረርኩ» የሚለውን ቃል ብትጠሉትም እኔ አልፈርድባችሁም። በቢሮው መስኮት ፊት ግን ይሉኝታ ቦታ የለውም። ጸሐፊዋ የምትጽፈው ክብራችሁን አይደለም፤ ምክንያቱን ነው። ወረቀት ፈርሙ ስትባሉ ደግሞ «ቤቴ ወስጄ አስነብቤ እመለሳለሁ» ማለት ነውር የለውም። ከፈለጉ በስልክ ፎቶ አንሡት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ደቂቃ ካልፈረምሽ የሚል ሰው የሚያስፈርማችሁ ነገር ለእናንተ ጥቅም ላይሆን ይችላል። ነገሩ ከከበደ በአማርኛ የሚያናግር የሕግ ሰው አለ፤ «ጠበቃ» የተባለው የማኅበረሰባችን ድርጅት ከ2000 ጀምሮ ይህን መሰል ጉዳይ ሲይዝ የቆየ ነው።

ስለ አስተርጓሚ ካነሣሁ የማልታገሠውን አንድ ነገር ልበል። ዕብራይስጥ «እርስዎ» የለውም። ለሕፃኑም ለሊቀ መንበሩም «አታ» ነው። ጸሐፊዋ «አታ» ብላ ስትጠይቅ ወጣቱ አስተርጓሚ ዞር ብሎ ሰባ ዓመት የሞላቸውን አባት «አንተ መቼ ነው ሥራ ያቆምከው?» ይላቸዋል። በትክክል የተረጎመ ይመስለዋል። ሽማግሌው ግን ከዚያች ቃል በኋላ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም ይላሉ፤ የተጠየቁትን ብቻ፣ «አዎ» እና «አይደለም» ብለው ይመልሳሉ። አለቃው የተናገረው ሳይነገር ይቀራል። ጉዳዩ በዚያው ይበላሻል። ይህን ከ«ጂንሲሞች» ጋር አንድ አድርጌ አላየውም።

ከሥራ ወጥተን ወደ ገበያው እንሂድ፤ እዚያም ሁለት ሦስት ቃላት አሉ። አንደኛው «ዓሬቭ» ነው። ሲጻፍ ምሽት ማለት ከሆነው «ዔሬቭ» ጋር ፊደሉ አንድ ነው፤ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው። ዓሬቭ ዋስ ነው። ምስክር ደግሞ «ዔድ» ነው። የቤት ኪራይ ውል ወይም የባንክ ብድር ላይ «እዚህ ፈርሙልኝ፣ ምስክር ብቻ ነው» ተብለው የፈረሙ፣ በኋላ ግን ከስማቸው አጠገብ «ዓሬቭ» ተጽፎ የተገኘ ሰዎች አውቃለሁ። በአገራችን ዋስ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰውየውን ይዞ የሚያቀርብ ሽማግሌ ነው የሚታየን፤ ክብርም አለው። እዚህ ዋስ ማለት ባለዕዳው ካልከፈለ የሚከፍል ማለት ነው። ደብዳቤው ከሆጻአ ላፖዓል ሲመጣ የቀረበው ሰው ሳይሆን የቀረበው ዕዳ ነው። ስለዚህ ከፊርማችሁ በላይ ያለችውን አንዲት ቃል ሳታስነብቡ እጃችሁን አታንሡ፤ ለወንድም ልጅም ቢሆን።

ሁለተኛው ቃል የእኛው ነው። «እሺ»። በስልክ የሚሸጡት ሰዎች ሲደውሉ እናቶቻችን «እሺ... እሺ... ቤሴደር... ኬን...» ይላሉ። በእኛ ባህል ይህ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው። ሰው ሲያወራ ዝም ማለት ነውር ነዋ! ደዋዩ ግን እየቀረጸ ነው፤ «ኬን» የምትለዋን ቃል «እገዛለሁ» ብሎ ይይዛታል። በወሩ መጨረሻ ከባንክ ሒሳባቸው ገንዘብ ይወጣል። «ማታና ነው» የተባለው ስጦታ በየወሩ የሚቆረጥ ሆራአት ኬቫ ሆኖ ይገኛል። «ታሽሉሚም» ሲባል ደግሞ ዋጋው የቀነሰ የሚመስለው አለ፤ ያው ዋጋ ነው፣ በክፍያ ተከፋፈለ እንጂ።

ይህ ለደረሰበት ሰው መፍትሔ አለ። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክና በመሳሰለው ከርቀት የተገዛን ነገር በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝን ይፈቅዳል። ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ለአካል ጉዳተኛና ዓሊያ ካደረገ አምስት ዓመት ላልሞላው አዲስ ዖሌ ግን፣ ግዢው የተፈጸመው ሻጩ አነጋግሯቸው ከሆነ፣ ጊዜው አራት ወር ነው። ሐሳባቸውን ስለለወጡ ብቻ ቢሰርዙ የሚቆረጥባቸው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼኬል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። እንደሚበላሽ ምግብ ያሉ መሰረዝ የማይቻልባቸው ዕቃዎች ስላሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲሰርዙ የሚያስፈልገው ቃል «ሌቫቴል» ነው፤ ልሰርዝ። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ማስረጃ ይሆናልና።

ልጆች ሆይ፣ እናንተም ይህን ጋዜጣ ለአያታችሁ ስታነቡላቸው የምትሰሙ ከሆነ፣ «ሳቭታ፣ አት ነው እንጂ አታ አይባልም» የምትሉትን ለጊዜው ተዉት። እሱ ይቆያል። ማታ ላይ ትሉሻቸውን፣ የደመወዝ ወረቀታቸውን ማለቴ ነው፣ አውጡና አብራችሁ እዩት። ብሩቶው ስንት ነው፣ ኔቶው ስንት ነው፣ በመካከል የተቆረጠው ለምንድን ነው፣ የፔንስያው መሥመር ላይ ቁጥር አለ ወይስ ባዶ ነው? ባዶ ከሆነ ያ ነው የሚታረመው ስህተት።

እናቴ አሁን ስልክ ሲደወልላት «እሺ» አትልም። «ሾሜዓ» ትላለች፤ እሰማለሁ ማለቷ ነው። ሴት ስለሆነች «ሾማዓት» ማለት ነበረባት፤ የእህቴ ልጅም ከወዲያ ክፍል ሆና «ሾማዓት፣ ሳቭታ! ሾማዓት!» ትላለች። እናቴ እጇን አወናጭፋ ዝም ታሰኛታለች። ሐሙስ ዕለት የደወለው ልጅ ስለ ውኃ ማጣሪያው ሩብ ሰዓት ሲያወራ እሷ ሩብ ሰዓት «ሾሜዓ» ስትለው ቆየች፤ በመጨረሻ ራሱ ደክሞት ዘጋው።